ባለቤት ያጡ የፒያሳ ቤቶች

አሮጌ ቤት ሲፈርስ መጀመሪያ የሚወርደው ቆርቆሮው ነው። ቀጥሎ በርና መስኮቱ ከነመቃኑ ይነቀላል። ከዚያ የወለሉ ጣውላ ይነሳል፣ በመጨረሻም አጠናው ይመዘዛል። ጭቃው ለማንም ስለማይጠቅም እዚያው ይቀራል፤ እሱን ሎደር ይጠርገዋል።

በ2016 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻና መጋቢት ላይ ይህ ሥራ በፒያሳ፣ በዶሮ ማነቂያና በዙሪያው ባሉ መንደሮች በየደጃፉ ይካሄድ ነበር። አንዱ አይሱዙ ፍራሽ፣ ቡፌና የልጆች ደብተር ጭኖ ወደ ገላን ጉራ ወይም ወደ ቦሌ አራብሳ ያቀናል። ሌላው ቆርቆሮና ጣውላ ጭኖ ወደ መርካቶ፣ ወደ ምናለሽ ተራ ይወርዳል። ባለሙያ በእጁ ቀጥቅጦ የሠራው የድሮ በር ማጠፊያ ቅርስ ይሁን አይሁን ሳይለይለት ከቁርጥራጭ ብረት ጋር በኪሎ ተመዝኖ ተሸጠ።

የዓድዋ ድል መታሰቢያ የተመረቀው የካቲት 3 ቀን ነበር። ከምረቃው በኋላ ብዙም ሳይቆይ የኮሪደር ልማት የተባለው የመንገድ ዳር ግንባታ ሲጀመር ፒያሳ ከመጀመሪያዎቹ ተረኞች አንዷ ሆነች። ሰፋፊ የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መስመር፣ የመንገድ መብራትና አረንጓዴ ቦታ ይሠራል ተባለ፤ ተሠራም። ዛሬ በዚያ የሚያልፍ ሰው ከዚህ በፊት ያልነበረ ንጹሕና ሰፊ የእግር መንገድ ያገኛል። የአዲስ አበባ ሰው ግን እስካሁን በሁለት ጎራ ተከፍሎ ይከራከራል። አንዱ ወገን ከተማዋ ታሪኳን አፈረሰች ሲል፣ ሌላው የፈረሰው ታሪክ ሳይሆን ዝናብ የሚያፈስ፣ መጸዳጃ ያልነበረው ጎጆ ነው ይላል።

የሁለቱም ወገን አባባል እውነትነት አለው። ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ለማወቅ ቤቶቹ እንዴት እንደተሠሩ፣ ማን እጅ ላይ እንደወደቁና በመጨረሻ ማን ሊከራከርላቸው ይገባ እንደነበር ማየት ያስፈልጋል።

ፊት ለፊት ሱቅ፣ ከኋላ ግቢ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ቤተ መንግሥቱ ከፍልውሃ በላይ ባለው ጉብታ ላይ፣ ትልቁ ገበያ ደግሞ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ አራዳ ላይ ሆነ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከየአቅጣጫው የመጣ ገበሬና ነጋዴ እህሉን፣ ማሩን፣ ቡናውን፣ ቆዳውንና አሞሌውን ዘርግቶ ይውል ነበር። አዋጅ የሚነገረው እዚያው ነው፤ ወንጀለኛ የሚቀጣውም እዚያው።

የውጭ ነጋዴዎች የገበያውን ዳርና ዳር ይዘው ሱቅ ከፈቱ። ሕንዶች፣ አርመኖች፣ ግሪኮች፣ የየመን ዐረቦች፣ ጣሊያኖችና ፈረንሳዮች ነበሩ። የሕንዱ የመሐመዳሊ ድርጅት ከአራዳ ታላላቅ የንግድ ቤቶች አንዱ ነበር። ከግንበኞቹ መካከል የአርመኑ ምናስ ኸርበኪያን ስሙ ጎልቶ ይነሳል። የመጀመሪያው ባንክ፣ የአቢሲንያ ባንክ፣ ሥራ የጀመረው በ1898 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዘመን እቴጌ ጣይቱ የከተማዋን የመጀመሪያ ሆቴል ከገበያው በታች አቋቋሙ። ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ ብረት፣ መስታወትና ሲሚንቶ እንደልብ ይገባ ጀመር።

በዚህ ጊዜ የተሠሩት ቤቶች የራሳቸው መልክ አላቸው። ከታች የድንጋይ መሠረት፣ ከላይ በእንጨት የተዋቀረ ጭቃ ግድግዳ፣ ዙሪያውን የእንጨት በረንዳ፣ ሾጠጥ ያለ የቆርቆሮ ክዳን። የበረንዳው ጠርዝ በመጋዝ ተፈልፍሎ እንደ ዳንቴል ይወርዳል። የሕንድ አናጺ እጅ፣ የአርመን ግንበኛ ልምድ፣ የሐበሻ ጭቃና ጭድ አንድ ላይ የገቡበት በመሆኑ በሌላ አገር ቁርጥ ያለ አምሳያ የለውም። አርክቴክቱ ፋሲል ጊዮርጊስና ዴኒስ ዤራር ስለ አዲስ አበባ የሕንፃ ቅርስ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት መጽሐፍ እነዚህን ቤቶች በፎቶግራፍና በንድፍ አስቀርተውልናል።

ከመልካቸው ይልቅ ለዛሬው ክርክር ቁልፉ አሠፋፈራቸው ነው። የአራዳ የንግድ ቤት ብቻውን የቆመ ሕንፃ አልነበረም። መንገዱን ፊት ለፊት የሚያየው ሱቅ ነው፤ ፎቁ ላይ ነጋዴው ከነቤተሰቡ ይኖራል። ከሱቁ ጀርባ ግቢ አለ። ግቢው ውስጥ መጋዘኑ፣ የበቅሎ ጋጣው፣ ማድ ቤቱና የሠራተኞቹ ክፍሎች ተደርድረዋል። ዓመታት ሲያልፉ ጋጣው ክፍል ሆነ፣ ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ፣ በግድግዳው ላይ ሌላ ቤት ተለጠፈ። ስለዚህ መንገድ ዳር የሚታየው ባለ በረንዳ ፎቅና ከጀርባው የተጨናነቀው መንደር አንድ ሥር ያላቸው፣ ባንድ ቦታ ላይ የበቀሉ ናቸው። ቅርስ ነው የሚለው ተከራካሪ ከመንገዱ ላይ ሆኖ ያያል፤ ጎስቋላ ሰፈር ነው የሚለው ደግሞ በጓሮ በኩል ገብቶ ያያል። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ግቢ ነው።

ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከተማዋን በያዘበት ጊዜ ነጭና ጥቁርን ለይቶ ለማስፈር ዕቅድ አወጣ። ትልቁን ገበያ ከአራዳ አንሥቶ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ቦታ አዛወረው፤ አራዳን ለአውሮፓውያን አደረጋትና ስሟ ፒያሳ ሆኖ ቀረ። ከነጻነት በኋላ ከተሜው ፒያሳን መልሶ የራሱ አደረጋት። ሲኒማው፣ ኬክ ቤቱ፣ ልብስ ሰፊው፣ ፎቶ ቤቱ፣ ወርቅ ቤቱ ተደርድሮ የአዲስ አበባ የአደባባይ ሕይወት እዚያ ተጠናቀረ። ሀገር ፍቅር ቴአትር አለ። በ1945 ዓ.ም. የተከፈተው ቶሞካ ቡና ቆልቶ ሲፈጭ ሽታው ማዶ ካለው መንገድ ይጠራል።

ሐምሌ 19 ቀን 1967

የቤቶቹን ዕጣ የወሰነው ግን ከሎደሩ 49 ዓመት ቀድሞ የታወጀ አዋጅ ነው። ደርግ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት የሚያደርገውን አዋጅ ቁጥር 47/1967 አወጀ። የከተማ መሬት በሙሉ የመንግሥት ሆነ። ማንም ሰው ከሚኖርበት አንድ ቤትና ለሥራው ከሚያስፈልገው የንግድ ቤት ውጭ ያለው ሁሉ ትርፍ ተብሎ ተወረሰ። የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበረ ቤቶች በቀበሌ ሥር ገቡ፤ ከዚያ በላይ የሆኑት ኪራይ ቤቶች ለሚባለው መሥሪያ ቤት ተሰጡ። የኋለኛው በዘመናችን የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ሆኗል። የቤት ኪራይም በአዋጅ ተቀነሰ።

ለተከራዩ ትልቅ እፎይታ ነበር፣ ይህ አይካድም። ቤት አልባው ቤት አገኘ፣ በየወሩ ኪራይ ጨምር የሚል አከራይ ቀረ። ለቤቱ ለራሱ ግን የውድቀት መጀመሪያ ሆነ። ቀበሌ የሚሰበስበው ኪራይ ከቆርቆሮ መቀየሪያ አያልፍም። ጭቃ ቤት ደግሞ በየዓመቱ መመረግ፣ በየጥቂት ዓመቱ ቆርቆሮው መቀየር አለበት፤ ካልሆነ ውኃ በግድግዳው ይገባል፣ አጠናው ከሥር ይበሰብሳል። ተከራዩ ቤቱ የእሱ ስላልሆነ ገንዘብ አያፈስበትም፤ ላፍስስ ቢልም ያለፈቃድ ማደስ አይችልም፤ ፈቃድ ልጠይቅ ሲል ደግሞ ከወረዳ ክፍለ ከተማ ይመላለሳል። አከራዩ መንግሥት በበኩሉ ኪራዩ ስለማያዋጣው ዞር ብሎ አያየውም። ሃምሳ ዓመት ገደማ ማንም ያላደሰው ቤት ቢያዘም ምን ይገርማል?

በንግድ ቤቶቹ በኩል ሌላ ነገር ተፈጠረ። ለመንግሥት የሚከፈለው ኪራይ ዝቅተኛ፣ የቦታው ዋጋ ግን ከፍተኛ ስለነበረ በመካከሉ ያለው ልዩነት ገበያ ሆነ። የኪራይ ውሉ በስሙ ያለ ሰው ለሁለተኛ ሰው ያከራያል፤ ሁለተኛው ሱቁን በጣውላ ከፍሎ ለሦስተኛና ለአራተኛ ይሰጣል። ውሉን አሳልፎ የሚሰጥ ሰውም ቁልፍ ሸጠ ይባላል፤ ለቁልፉ የሚከፈለው ገንዘብ መንግሥት በብዙ ዓመት ኪራይ ከሚሰበስበው ይበልጣል። ኮርፖሬሽኑ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የንግድ ቤቶቹን ኪራይ ከፍ ሲያደርግ ነጋዴው የጮኸው አንድም በዚህ ምክንያት ነው፤ ጭማሪው የወደቀው በመጨረሻው ተከራይ ላይ ነበር።

«ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም» ይላል የአገራችን ሰው። የፒያሳ ቤት ባለቤት በወረቀት ላይ መንግሥት ነው። ቤቱን ሲያቀል የኖረውም፣ ከጊዜ በኋላ የቀለለ ነው ብሎ የፈረደበትም እሱ ራሱ ነው።

አንድ ወርቅ ቤት ምን ያህል ይሰፋል?

የፒያሳ የንግድ ቤት ሲባል በብዙ ሰው ዓይን የሚመጣው ወርቅ ቤት ነው። መንገዱ ላይ ስፋቱ ከሦስት ሜትር የማይበልጥ መስታወት አለ፤ ከውስጥ በቀይ ከፋይ ላይ የተሰካ የጣት ቀለበት፣ የአንገት መስቀል፣ የጆሮ ጉትቻ፣ ሐብል። ባንኮኒው ላይ በመስታወት ሣጥን የተከደነች ትንሽ ሚዛን ትቀመጣለች። ደንበኛ ሲገባ ከነፋስ እንድትጠበቅ ነው የምትከደነው፤ የግራም ሽራፊ ገንዘብ ነው።

ልጇን የምትድር እናት ከዘመዶቿ ጋር ትገባለች። ባለሱቁ «ግቡ እናቴ፣ ለሙሽራ ነው?» ብሎ ወንበር ይስባል። ዋጋ ሁለት ቦታ ይቆረጣል፤ አንዱ የወርቁ የግራም ዋጋ ነው፣ ሌላው የእጅ ዋጋ፣ ማለት የሠሪው ድካም። በግራሙ ላይ ብዙ መከራከር አይቻልም፣ የዕለቱ ዋጋ የታወቀ ነው። ክርክሩ ያለው በእጅ ዋጋው ላይ ነው። «ይሄን ያህል ለእጅ? አይ ልጄ፣ ጎረቤትህ እኮ እንዲህ አላለንም» ትላለች እናት። እውነትም ጎረቤቱ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ነው። አሮጌ ወርቅ ይዛ ከመጣች እሱ ይመዘናል፣ ካራቱ በአሲድ ይፈተሻል፣ ከሒሳቡ ይቀነሳል።

ቀለበቱ የሚሠራው ባንኮኒው ጋ አይደለም። ከሱቁ ጀርባ፣ ወይም በጠባብ ደረጃ ወጥቶ ፎቅ ላይ፣ አለዚያም ሌላ ግቢ ውስጥ ባለ ክፍል ነው። አንዱ ያቀልጣል፣ አንዱ ይስባል፣ አንዱ ይበይዳል፣ አንዱ ፈርጥ ይሰካል፣ ሌላው ያጸዳል። አንድ ጌጥ በቀን ውስጥ ሦስት አራት ደጃፍ ሊዞር ይችላል። ተሸካሚው በእጁ ውስጥ ብዙ ገንዘብ የሚያወጣ ወርቅ ጨብጦ መንገድ ሲያቋርጥ ደረሰኝ የለም፤ ያለው መተማመን ነው። መተማመኑ የመጣው ደግሞ ከዓመታት ጉርብትና ነው። የትኛው ሠሪ እጁ ንጹሕ እንደሆነ፣ የትኛው ወርቅ እንደሚያቀል ሰፈሩ ያውቃል።

ነገሩን ለማየት እዚህ ላይ መቆየት ያስፈልጋል። ወርቅ ቤቱ የሚኖረው በሦስት ሜትር መስታወቱ ብቻ አይደለም። ጎረቤቱ ወርቅ ቤት፣ ጀርባው ያለው ሠሪ፣ ማዶ ያለው ሚዛን አዳሽ፣ ዋጋ ስታወዳድር የደከማት እናት ሻይ የምትጠጣበት ኬክ ቤት፣ ሁሉም የንግዱ አካል ናቸው። አንዱን ነቅሎ ዳርቻ ላይ ባለ አዲስ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቢተክሉት ሱቁ ተዛውሯል፣ ንግዱ ግን አልተዛወረም። ደንበኛ ወደ ፒያሳ የሚመጣው ምርጫ ስላለ ነው፤ ምርጫ የሚኖረው ሻጮች አንድ ላይ ሲደረደሩ ነው።

ሁለቱ ወገኖች ምን ይላሉ?

የማፍረሱ ደጋፊዎች መከራከሪያ ቀላል የሚባል አይደለም። በፒያሳ ጓሮዎች አንድ ሽንት ቤት ለብዙ ቤተሰብ ነበር። የፍሳሽ መስመር በሌለበት ክረምት ሲገባ ውኃው በደጃፍ ይወርዳል። የኤሌክትሪክ ሽቦ ከእንጨት ጣሪያ ጋር ተጠላልፎ ኖሯል፤ እሳት ቢነሣ የእሳት አደጋ መኪና የሚገባበት መንገድ የለም። የእሳት ነገር ደግሞ ተረት አይደለም። ጣይቱ ሆቴል ራሱ በጥር 2007 ዓ.ም. ተቃጥሎ ክፉኛ ተጎድቷል። መርካቶ ሸማ ተራ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ምሽት ላይ ሲነድ ጠባቡ መንገድ ለእሳት አደጋ ሠራተኛው ምን ያህል ፈተና እንደሆነበት ከተማው ሁሉ አይቷል። ከንቲባ አዳነች አቤቤ የሚመሩት የከተማው አስተዳደር ነዋሪውን ለኑሮ ከማይመች ቤት አውጥቶ ሽንት ቤትና ማድ ቤት ወዳለው ቤት እንዳዛወረ፣ በቅርስነት የተመዘገበ ቤት እንዳልፈረሰ፣ እንዲያውም ታሪካዊ ቤቶች እየታደሱ እንደሆነ ይናገራል።

ተቃዋሚዎቹም አፋቸውን የሚይዙ አይደሉም። አርክቴክቶችና የታሪክ ሰዎች የሚያነሡት የአንድን ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ቅርስ የሚባለው መንገዱ፣ የቤቶቹ አሰላለፍ፣ ጓሮው፣ ንግዱና ሰዉ በአንድ ላይ ናቸው ይላሉ። በዙሪያው ያለው ሁሉ ጠፍቶ አንድ ባለ በረንዳ ቤት በሣር ሜዳ መካከል ቢቆም ታሪኩን አይናገርም። ነዋሪዎች ደግሞ የተሰጣቸው ጊዜ እጅግ አጭር መሆኑን በየመገናኛ ብዙኃኑ ተናግረዋል። በጊዜው በሥራ ላይ የነበረው የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ተነሺዎችን ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ማወያየት እንደ መርሕ ያስቀምጣል፤ ጉዳዩ አስቸኳይ ሲሆን ብቻ ጊዜው ያጥራል። ፒያሳ ላይ አስቸኳዩ ምን ነበር? ይህ ጥያቄ አጥጋቢ መልስ አላገኘም።

«የተመዘገበ ቅርስ አልፈረሰም» የሚለውን መልስ ጠጋ ብሎ ማየት ይገባል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ የያዘ ሰው በራሱ ወጪ እንዲጠብቅ፣ ያለባለሥልጣኑ ፈቃድ እንዳያድስና እንዳይለውጥ ያስገድዳል። ሕጉ የሚጠብቀው ግን ቀድሞ የታወቀውንና የተመዘገበውን ነው። መዝገቡ ባዶ በሆነበት ጎዳና ላይ ሕጉ ዝም ይላል። መዝጋቢው ማነው? በከተማው ደረጃ የባህል፣ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም ቢሮ ነው። ቢሮው የማን ነው? የከተማው አስተዳደር። የቀበሌ ቤቱ አከራይስ? ያው አስተዳደር። የኮሪደሩን ዕቅድ ያወጣው፣ ተነሺውን ያወያየው፣ ካሳውን የገመተው፣ ሎደሩን የላከውም እሱው ነው። ከሳሽ፣ ዳኛና ምስክር አንድ ሰው በሆኑበት ችሎት ተከሳሹ ቤት ጠበቃ አልነበረውም። በግል የተያዘ ቤት ቢሆን ኖሮ ባለቤቱ ቢያንስ ለጥቅሙ ሲል ይከራከር ነበር።

ካሳው ያልቆጠረው

የካሳ ሕጋችን በዋናነት የሚተምነው የሚታየውን ነው። ቤት የሠራ ለቤቱ ይከፈለዋል፣ ቦታ የያዘ ምትክ ቦታ ይሰጠዋል፣ በቀበሌ ቤት የሚኖር ምትክ የኪራይ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም የመግዛት ዕድል ይቀርብለታል። የመንግሥት ሱቅ ተከራይቶ የሚነግድ ሰው ግን ሕንፃው የእሱ ስላልሆነ ለሕንፃው ምንም አይተመንለትም። ለቁልፍ የከፈለው ገንዘብ በሕግ ፊት የለም፤ አልተመዘገበምና። ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ሰው የተከራየው ነጋዴማ ስሙም በዝርዝሩ ላይ አይገኝም።

ከሁሉ በላይ ደንበኛውን በትክክል የሚተምን ሚዛን የለም። ፒያሳ ቡና የሚያፈላ፣ ጫማ የሚሰፋ፣ ወርቅ የሚበይድ ሰው ሀብቱ የቆመበት ማዕዘን ነው። ቦሌ አራብሳ ላይ የተሰጠው ቤት ከፒያሳው ክፍል ይሰፋ ይሆናል፣ ውኃና መብራትም ይኖረዋል። ወደ ሥራው ለመመለስ ግን በየማለዳው ታክሲና አውቶቡስ ይጋፋል፤ ትራንስፖርቱ ከገቢው የሚወስደው ድርሻ በካሳ ስሌት ውስጥ አልገባም።

ሌላ መንገድ ነበር

ማፍረስና እንደነበረ መተው ብቻ ናቸው ያሉን ምርጫዎች የሚል ሰው ካለ የራሳችንን ከተማ አላስተዋለም ማለት ነው።

ቀላል ባቡሩ ሲሠራ መስመሩ በዳግማዊ ምኒልክ አደባባይና በአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በኩል ማለፍ ነበረበት። የምኒልክ ሐውልት ቦታውን አልለቀቀም፣ ባቡሩ ከሥር በዋሻ አለፈ። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በ2005 ዓ.ም. በጥንቃቄ ተነሥቶ ቆየና ሥራው ሲያልቅ ወደ ቦታው ተመለሰ። ሕዝቡ ጠየቀ፣ መሐንዲሱ መላ ፈለገ፣ ባቡሩም ሥራ ጀመረ። ልማትና ቅርስ ተጋጭተው የግድ አንዱ መሞት እንደሌለበት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ለነጋዴውም ቢሆን ከመርካቶ የሚቀዳ ልምድ አለ። የመርካቶ አሮጌ ሱቆች በሕንፃ ይተኩ ሲባል ቦታው ለውጭ ባለሀብት ይሰጥ የሚል ሐሳብ ነበረ፤ በኋላ ግን ነባር ነጋዴዎች በአክሲዮን እየተደራጁ በራሳቸው ቦታ ላይ እንዲገነቡ ዕድል ተሰጣቸው። አሠራሩ ችግር አላጣውም፤ አንዳንዱ ሕንፃ ዓመታት ፈጀ፣ አቅም ያነሰው ነጋዴ ድርሻውን ሸጦ ወጣ። ቢሆንም መርካቶ የነጋዴው ሆና ቀጠለች። ፒያሳ ላይ ወርቅ ቤቶቹና ሠሪዎቹ ተደራጅተው የፊቱን በረንዳ እንደነበረ ጠብቀው፣ ከጀርባ ያለውን ጓሮ በሕንፃ እንዲተኩ ቢጠየቁ ምን ይሉ ነበር? አልተጠየቁም።

ከሩቅም ምሳሌ አለ። ለንደን መሀል የሚገኘው የኮቨንት ጋርደን የአትክልት ተራ እ.ኤ.አ. በ1974 ወደ ሌላ ቦታ ከመዛወሩ በፊት በሰፈሩ ያሉትን አሮጌ ሕንፃዎች ጠርጎ ሰፋፊ መንገድና ዘመናዊ ሕንፃ የመሥራት ዕቅድ ቀርቦ ነበር። ነዋሪው ተነሣ፤ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1973 በርካታ ሕንፃዎችን በአንድ ጊዜ በቅርስነት መዘገበና ዕቅዱ ተሰናከለ። የገበያው አዳራሽ ታድሶ እ.ኤ.አ. በ1980 ተከፈተ፤ ዛሬ በከተማዋ ብዙ ጎብኚ ከሚገባባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። እዚያም ግን ሕንፃው ቢተርፍ ኪራዩ ንሮ ትንንሾቹ ነጋዴዎች ቀስ በቀስ ወጥተዋል። ግድግዳን ማዳን ሰውን ማዳን እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን። ጎረቤታችን አሥመራ ደግሞ የከተማዋን መሀል እንዳለ እ.ኤ.አ. በ2017 በዓለም ቅርስነት አስመዘገበች፤ ዛሬ የጎደላት ማደሻ ገንዘብ ነው። መዝገብ ያለ ገንዘብ፣ ገንዘብ ያለ መዝገብ፣ ሁለቱም ብቻቸውን አይበቁም።

ከእንግዲህስ?

በፒያሳ የሆነው ሆኗል። የፈረሰውን ጭቃ መልሶ ማቆም አይቻልም፤ አዲሱን የእግረኛ መንገድም ማንም ይፍረስ አይልም። ያልፈረሰ ግን ገና ብዙ አለ። በአራዳ፣ በልደታ፣ በጉለሌ፣ በመርካቶ ዙሪያ ያሉ የድሮ የንግድ ቤቶች ተራቸውን እየጠበቁ ነው። የኮሪደር ልማቱም ከአዲስ አበባ ወጥቶ ወደ ሌሎች ከተሞች ሄዷል፤ ጎንደር፣ ጅማ፣ ድሬዳዋና ሐረር የራሳቸው አሮጌ የገበያ መንገድ አላቸው።

ስለዚህ ሊደረጉ የሚገባቸው ነገሮች የታወቁ ናቸው። የቅርስ መዝገቡ ከነካርታው ለሕዝብ ይለጠፍ፤ አንድ ቤት የተመዘገበ መሆኑን ተከራዩም፣ ተማሪውም፣ መሐንዲሱም ዕቅድ ከመውጣቱ በፊት ይወቅ። ምዝገባውንና ስረዛውን የሚወስነው አካል ከመሬት አስተዳደሩ ተለይቶ ይቁም፤ ከመዝገብ የሚወጣ ቤት ካለም ለምን እንደወጣ በጽሑፍ ይገለጽ። የመንግሥት የንግድ ቤት የተከራየ ሰው፣ በሁለተኛ እጅ የያዘውም ጭምር፣ አዲሱ ሕንፃ ሲያልቅ ወደ ቦታው የመመለስ ቅድሚያ ይኑረው። ለማደስ አቅምና ፍላጎት ላላቸው ተከራዮች ደግሞ አስተማማኝ የረጅም ጊዜ ውል ይሰጥ፤ ነገ የሚቀማውን ቤት የሚያድስ ሞኝ የለም።

አንባቢም ድርሻ አለው። በሰፈርህ፣ በሰፈርሽ ያለ አሮጌ የንግድ ቤት ካለ አሁኑኑ ወረዳው ሂዱና በቅርስነት መመዝገቡን ጠይቁ። ካልተመዘገበ እንዲመዘገብ በጽሑፍ አመልክቱ፤ የማመልከቻውንም ቅጂ በእጃችሁ አስቀሩ። ቤቱ እንዲፈርስ ምልክት ከተደረገበት በኋላ የሚቀርብ አቤቱታ ፒያሳን አላተረፈም።